እንግዳው ይቅደም ያልን ጊዜ

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የውሃ ፋብሪካው ሠራተኛ በሬን አንኳኩታ አንድ የጥሪ ካርድና አንድ ቲሸርት ሰጠችኝ። ካርዱ ጠርዙ ወርቅ ቀለም ነው። ቲሸርቱ ነጭ ሆኖ ደረቱ ላይ ሰማያዊ የውሃ ጠብታ አለበት፤ ከጠብታው ሥር «አብረን አደግን» ተብሎ ተጽፏል። ስፋቱ እንደ እኔ ያለች ሦስት ሴት ይይዛል። ልጅቷ ሜሮን ትባላለች። እናቷን ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ሜሮን ደግሞ ዛሬ የፋብሪካው የማኅበረሰብ ግንኙነት ኃላፊ ሆናለች። ከጎረቤት ጋር መገናኘት ኃላፊ የሚሾምበት ሥራ መሆኑን ያወቅሁት በእሷ ነው።

«ቲቸር፣ እሑድ የፋብሪካውን ምሥረታ እናከብራለን» አለችኝ። «እርስዎ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ስለነበሩ የክብር እንግዳችን ነዎት። አጭር ንግግር ቢያደርጉልን ደግሞ ደስ ይለናል። ሁለት ደቂቃ።»

«ስለ ምን ልናገር?»

«ስለ ለውጡ ነዋ! ድሮ ሱሉልታ ምን እንደነበረች፣ አሁን ምን እንደደረሰች።»

ይህን ስትለኝ ግቢዬ ውስጥ ያለው ቧንቧ ከደረቀ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ጠምዘዝ አድርጌ አሳየኋት። ቧንቧው ትንሽ አየር ተነፈሰና ዝም አለ። ሜሮን አፈረች፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ ማፈር ታውቃለች። ካፈረች በኋላ ግን የባሰውን ነገረችኝ። ከፋብሪካው አጥር ውጭ ለሰፈሩ የተተከለችውን ቦኖ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ውሃ የምትሰጠንን ያቺን አንዲት ቦኖ፣ ሊያነሷት ነው። ፋብሪካው ሊሰፋ ነው፤ ቦታው ለጭነት መኪኖች ማቆሚያ ይፈለጋል። ወዴት ትዛወራለች ብላት «ጥናት ላይ ነው» አለችኝ። ጥናት ላይ ነው የተባለ ነገር ሲመለስ ያየ ሰው ካለ አድራሻውን ይስጠኝ።

ስለ ድሮው ተናገሪ ካሉኝማ ሁለት ደቂቃ ምን ትሆነኛለች! ሱሉልታ የመጣሁት ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፤ ጸጉሬ ጎፈሬ የነበረበት፣ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ የምትል ቡኒ ጉርድ ቀሚስ የምለብስበት፣ ከፒያሳ በአሥራ ስምንት ብር የገዛሁትን ባለ ወፍራም ሶል ጫማ ጭቃ እንዳይነካው በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ የምሄድበት ጊዜ ነው። ከአዲሱ ገበያ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን አውቶቡስ እንሳፈራለን። አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣና ቁልቁል ማየት ሲጀምር ብርዱ በመስኮት ይገባል፤ ከዚያ ሜዳው ይመጣል። ክረምት ላይ ሜዳው እንዳለ ውሃ ነው፣ መስከረም ላይ ቢጫ ነው፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ሳሩ ይታጨድና ሽታው ቤት ድረስ ይገባል፤ ጋቢ ውስጥ፣ ደብተር ውስጥ፣ የተማሪ ጸጉር ውስጥ። የአዲስ አበባ ላም አርቢዎች መኪና እየላኩ ድርቆሹን ይጭናሉ። ወተት ሊትሩ ስልሳ ሳንቲም ነበር፤ እሱንም ሴቶቹ ለቅምሻ ጨመር ያደርጉልን ነበር። አሁን ያ ሜዳ ግማሹ መጋዘን፣ ግማሹ አጥር ብቻ ነው። አጥሩ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ አንዳንዱ ባዶውን ከታጠረ ወዲህ ያኔ ልጅ የነበሩት ወልደው ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገብተዋል። በሩ ላይ ግን የኢንቨስትመንት ታፔላ አለ፤ ዝገቱም ከእኛ ጋር አብሮ አድጓል።

መንገድ ዳር የሐጂ ሻይ ቤት ነበረች። ሐጂ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቁም ሻይ ቤቱም አንድ ክፍል ነው፤ በአንድ በኩል ጨውና ላምባ፣ በሌላ በኩል ሻይና ፓስቲ። ቴፕ ነበራቸው። የቴፑ ድንጋይ ሲደክምባቸው ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያሞቁትና መልሰው ይከቱታል፤ ዘፋኙ ለሁለት ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራና ሦስተኛው ላይ ድምፁ እየወፈረ፣ እየተንቀራፈፈ ይሞታል። እኛ ወጣት አስተማሪዎች የፍቅር ዘፈኖቹን ጫፍ የሰማነው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው። አሁን በዚያው ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከሥሩ ድምፅ ማጉያ ተክለው ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሁብናል፤ መብራት እንኳ ቢጠፋ ጄኔሬተር አላቸው። ወይ እዳ!

ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ፣ ከጥዱ ሥር፣ ምንጩ ነበር። ውሃው ከጥቁር ድንጋይ ሥር ይወጣል፤ ጥርስ ያማል፣ እንዲያ ነው የሚቀዘቅዘው። ከግንድ የተቦረቦሩ ሦስት ገንዳዎች ነበሩ፤ ተራ ነበረ፤ ተራ አስከባሪው ደግሞ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፣ ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል። መጀመሪያ ሴቶቹ እንስራቸውን ይሞላሉ፤ ቀጥሎ ጥጆችና የሚታለቡ ላሞች፤ ከዚያ በሬዎች፤ ፈረስና አህያ መጨረሻ። ኦቦ ገመቹ አይጮሁም። ዱላቸውን ቀና ሲያደርጉ ሰውም ከብትም ይገባዋል። ከሁሉም በላይ የሆነ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ በመንገዱ የሚያልፍ ባዳ፣ ነጋዴም ይሁን ተሳላሚ፣ ከነጭነቱ ወደ ምንጩ ከወረደ ሁሉም ወደ ኋላ ይላል። እንግዳ ይቀድማል። ስንት ትቀዳለህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ጨረስክ ወይ ተብሎም አይጠየቅም። ይህን መጠየቅ ሂድልኝ እንደ ማለት ነውር ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ኦቦ ገመቹን አሳፍሬ ነው። በመጣሁ በመጀመሪያው ወር አንድ የጨው ነጋዴ አሥራ ሁለት አህያ ነድቶ መጥቶ ገንዳውን ያዘ፤ ተማሪዎቼ ውሃ ሳይቀዱ ረፈደ። እኔ የከተማ ልጅ፣ ጎፈሬን ነስንሼ፣ «አሁንም አልጨረስክም?» አልኩት። ኦቦ ገመቹ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ዳር ወሰዱኝና በኦሮምኛ፣ በቀስታ፣ እንዲገባኝ አንድ በአንድ እየለዩ፣ «አስተማሪ፣ እንግዳ ራሱ ያውቃል። ሲበቃው ይሄዳል» አሉኝ። ሰውዬውም ሲበቃው ሄደ። ሲሄድ ለሴቶቹ አንድ አሞሌ ጨው ትቶላቸው ነበር።

ኦሮምኛውን የተማርኩት እዚያው ምንጭ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ዕውቀቴ ነው ኋላ ጣጣ ውስጥ የከተተኝ።

ዘመን ሄዶ ዘመን መጣ፤ ጎፈሬ ተቆረጠ፣ ጉርዱ ጠበበኝ፣ የአውቶቡሱ ሃምሳ ሳንቲም ሁለት ብር ሆነ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበሮቹን አውጡ ተባልንና ጥዱ ሥር ደረደርን። ሁለት መኪና መጣ። ከአንደኛው ባለሥልጣን ወረደ፣ ከሁለተኛው የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ። ከከተማ ይመጣል የተባለው አስተርጓሚ መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ቀረ። እንግሊዝኛም ኦሮምኛም የሚያውቅ ሰው ማን አለ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ፈረንጁን ወደድኩት፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል? እንደ ሌሎቹ አልተኮፈሰም። ምንጩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በሁለት እጁ ቀድቶ ጠጣና ዓይኑን ጨፈነ። ባለሥልጣኑ ግን ንግግር ጀመረ። ይህ ውሃ የተፈጥሮ ሀብት ነው፤ ሀብት ሆኖ ሳለ ዝም ብሎ ይፈሳል፤ ዝም ብሎ ይባክናል፤ አገር የሚያድገው የባከነው ሀብት ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ነው አለ። እሱ ይህን ሲል ከኋላው አርባ የሚሆኑ ከብቶች እየጠጡ ነበር። ባከነ የተባለውን ውሃ እየጠጡ፣ ጅራታቸውን እያወዛወዙ ያዩት ነበር።

ከዚያ ፈረንጁ በእኔ በኩል ሽማግሌዎቹን ጠየቀ። ከውሃችሁ እንድቀዳ ትፈቅዱልኛላችሁ ወይ ነው ጥያቄው። ኦቦ ገመቹ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትንሽ ተንሾካሽከው ተነሡ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ኬሱማ ነው» አሉ፤ ኬሱማ እንግዳ ነው። «እንግዳ ይቅደም። እሱ ሲጨርስ እኛ እንቀጥላለን።» ዱላቸውን ቀና አደረጉ፤ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ወደ ኋላ አሉ። ለአንድ ፋብሪካ ተራ ለቀቁለት ማለት ነው። በዓለም ላይ ይህን ያደረገ ሌላ ሕዝብ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

እኔ በእንግሊዝኛ ያልኩት ግን ይህን ብቻ ነው፦ እንኳን ደህና መጣህ ይሉሃል፤ ተስማምተዋል።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ዋጥኩት። ለምን ብትሉኝ ስንት ዓመት ሙሉ ሰበብ ስፈልግ ኖሬአለሁ። ባለሥልጣኑ ሰዓቱን ያይ ነበር። መብራት ይገባል፣ አስፋልት ይመጣል፣ ተማሪዎቼ ሥራ ያገኛሉ ተብሏል፤ እኔም በኩራዝ ደብተር ማረም ሰልችቶኝ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን አፈርኩባቸው። ፋብሪካ ሲጨርስ እኛ እንቀጥላለን ብዬ ብተረጉም ያ የተማረ ፈረንጅ ይስቅብናል አልኩ። ከዚያ ወረቀት ቀርቦ አስተርጓሚ በሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

መብራቱ ገባ፣ አስፋልቱም መጣ፤ የሰጡትን ሰጥተዋል፣ አልክድም። የሜሮን ደመወዝ ቤተሰቡን ቀጥ አድርጎ ይዟል። ምንጩ ግን በመጀመሪያው ዓመት ቀጠነ፣ በሦስተኛው ዓመት ገንዳዎቹ ተሰነጠቁ፣ ከዚያ አጥር መጣና ጥዱ አጥር ውስጥ ቀረ። ሰዉ ሲያጉረመርም ቦኖዋ ተተከለች። በየዓመቱ ጎረምሶቹ አቤት እንበል፣ በር ላይ እንቁም ይላሉ፤ በየዓመቱ ኦቦ ገመቹ ይመልሷቸዋል። «ገና አልጨረሰም። ቃላችንን ሰምቶ ነው የገባው፤ ሲበቃው ራሱ ይነግረናል።» ይህን ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ዓይኔን ከእሳቸው አሸሽ ነበር። ምን ብዬ ልንገራቸው? እንዴት ብዬ ልጀምር? ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ጡረታ ወጣሁ።

እኛ ብቻ ደግሞ አይደለንም። ቡራዩ የምትኖር፣ ድሮ አብራኝ ያስተማረች ጓደኛ አለችኝ፤ ስንገናኝ ድሮ ስለ ባልና ስለ ልጅ እናወራ ነበር፣ አሁን ስለ ጀሪካን ነው የምናወራው። የእሷ ሰፈር ምንጭ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ሰበታ ስሄድ ሚኒባሱ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ በጭስ ማውጫ ላይ እያሳየ ወሰደኝ፤ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ውሃው በሙሉ በፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር፤ የሚታጠቡበት ግን በቦቴ መጣ። ስለ ዕድገት የሚነግሩን ሰዎች በቴሌቪዥን ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ቁጥሩን ይደረድሩታል፤ ታዳጊ አገር፣ የውጭ ኢንቨስትመንት፣ ዕምቅ ሀብት። ታዳጊ ማለት ለልጅ የሚባል ነው፤ እኔ ስወለድም ታዳጊ ነበርን፣ ስዳርም ታዳጊ ነበርን፣ ጥርሴ ማለቅ ሲጀምርም ታዳጊ ነን። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን ሱቅ ውስጥ ያለው ጠርሙስ ነው። የእኛ ምንጭ ውሃ በሃያ ብር፣ ያውም ግማሽ ሊትሩ። ጠርሙሱ ላይ ደግሞ ተራራ ሥለውበታል። ተራራው ጫፉ በረዶ ነው! ሱሉልታ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ ያየ ማን ነው? ቢያንስ ጥዱን ቢሥሉልን ምን ነበረበት?

ሜሮን በመጣች በሁለተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ኦቦ ገመቹ ዱላቸውን እየተመረኮዙ ቤቴ መጡ። «አካም ቡልተ?»፣ እንዴት አደሩ፣ ተባባልን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሁለቱ ላሞቻቸው፣ ስለ ብርዱ ሁሉም ተጠያየቅን። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና፣ «ቦኖዋን ሊያነሷት ነው አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ እኔም ሰማሁ።»

«ላሞቹን ለመሸጥ ገዢ ላነጋግር ነበር። ከዚያ አንቺ የክብር እንግዳ ነሽ ሲሉ ሰማሁና ተውኩት። አየሽ፣ ያን ቀን ያልኳቸውን ረስተውት ይሆናል። ሰው ይረሳል። የመጀመሪያው ሰውዬም ከሄደ ቆየ አሉ። እንግዳን ጨረስክ ወይ አይሉትም፤ ቃሉን ማስታወስ ግን ነውር የለውም። አንቺ አስታውሺልኝ።»

ያን ጊዜ ነበር መናገር፤ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን፣ በሩም ዝግ ነበር። «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። መርቀውኝ፣ ቀለል ብሏቸው ወጡ። እኔ ደግሞ ከኋላቸው በሩን ስዘጋ በሜሮንም፣ በቲሸርቱም፣ በቧንቧውም ተናደድኩ። ከሁሉ የባሰ የተናደድኩት በእሳቸው ነው፤ ሰው እንዴት ይሄን ያህል ያምናል?

እሑድ ትልቅ ነጭ ድንኳን ተተክሎ ጠበቀን። ቲሸርቱን አልለበስኩም፤ የድሮ የበዓል ቀሚሴን ለበስኩ። በየጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ ተደርድሯል፤ ኬክ አለ፤ ድምፅ ማጉያው እንደ ልማዱ ይጮኻል። በአንድ ወገን ፎቶግራፎች ሰቅለዋል፤ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ቁጢጥ ብሎ ሲጠጣ፣ እኛ አግዳሚው ላይ ተደርድረን፣ እኔ ቀጭን ሆኜ። ከፎቶዎቹ መካከል በመስታወት የተገጠመ አንድ ወረቀት አለ። ቀረብ ብዬ ሳየው የዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ነው፤ ከታች ፊርማዬ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ሥራ አስኪያጁ ወጣት ፈረንጅ ነው፤ ከመጣ አራት ወሩ። ኩባንያው ሁለት ጊዜ ተሽጧል፤ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ አገሩ ገብቶ ጡረታ ወጥቷል አሉ። ወጣቱ ስለ ማደግና ስለ መስፋት ተናገረ፣ ሜሮን ተረጎመች፣ ተጨበጨበ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ኦቦ ገመቹ ፊት ለፊት፣ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ተቀምጠዋል፤ በዓይናቸው አይዞሽ አሉኝ።

በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፤ ቃሉ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ጋ እንዲደርስ። ያን ቀን ሽማግሌው እንግዳ ይቅደም፣ እሱ ሲጨርስ እኛ እንቀጥላለን ብለው ነበር፤ ፈቃዱ ይህ ነበር፤ አሁን ይባስ ብላችሁ ቦኖዋን ልታነሱ ነው አልኩ። ወጣቱ አልተቆጣም፤ በትሕትና ሰማኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ ወረቀቱ ሄደና ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ አነበበ፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ተስማምተዋል ይላል፤ ይህ የእርስዎ ፊርማ አይደለም ወይ አለኝ። ሊያሳፍረኝ አልነበረም፤ በእርግጥም ግራ ገብቶት ነው። ሜሮን አንገቷን ደፋች። እሷ ገብቷታል።

«ምን አለ?» አሉኝ ኦቦ ገመቹ ከተቀመጡበት። «ወረቀቱ ምን ይላል?»

ሜሮን ልታድነኝ ብላ ማይኩን ልትወስድ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም።

«ተስማምተዋል ይላል» አልኩ በኦሮምኛ። «ተስማምተዋል ብቻ ነው የሚለው፤ ሲጨርስ እንቀጥላለን ያሉት የለበትም። እኔ አልነገርኳቸውም፣ ኦቦ። ያን ቀን ቃልዎን ለግማሽ ቆርጬ ነው የነገርኳቸው። ከዚያም ሳልነግርዎት ይሄን ሁሉ ዓመት ኖርኩ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው የሰፈር ሰው ሁሉ ሰማ። ኦቦ ገመቹ ዱላቸውን ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩት። «እነዚህን ልጆች ዝም በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «በየዓመቱ። ሰምቶ ነው የገባው እያልኩ።»

«አዎ።»

«አልሰማም ነበር።»

«አልሰማም ነበር።»

ያን ጊዜ ተነሡ። «ጠይቂው እንግዲህ» አሉ። «መቼ ነው የሚጨርሰው በይው።» ከኋላቸው የነበሩት ሽማግሌዎች ደነገጡ፤ አንዱ እጃቸውን ያዟቸው። እጃቸውን አስለቀቁ።

ጠየቅኩት፤ አንድም ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ወጣቱ በጣም አመሰገነና ረጅም መልስ ሰጠ። ከአካባቢው ጋር ያላቸው ግንኙነት ዘላቂ መሆኑን፣ ለመጪው ትውልድ እንደሚቆዩ፣ ማስፋፊያው የዚህ ምልክት እንደሆነ፣ ስለ ቦኖው ደግሞ አማራጭ እየተጠና መሆኑን፣ ሁላችንንም እንደ ቤተሰብ እንደሚያዩን ተናገረ። ቆንጆ እንግሊዝኛ ነበር። ሜሮን ማስታወሻ ይዛ ጨረሰችና እኔን አየችኝ። ኦቦ ገመቹም ያዩኝ ነበር።

«አልጨርስም ነው የሚለው» አልኳቸው።

ዱላቸውን መሬት ላይ አንዴ መታ አድርገው በመተላለፊያው ወደ ውጭ ወጡ፤ የሰፈሩም ሰው ወንበሩን እየገፋ ተከተላቸው። ጠርሙሶቹ ሳይከፈቱ ቀሩ። ሥራ አስኪያጁ ምን እንደተረጎምኩ ሜሮንን ይጠይቃት ነበር፤ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ለብቻዬ አስፋልቱን ተሻግሬ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ዕለት አንድ ሰው መጥቶ ቦኖዋ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገባት። ማክሰኞ ጠዋት ግን ውሃ ስለነበር ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ሰልፉ ከአጥሩ ጥግ አልፎ ነበር። ኦቦ ገመቹ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው እንደ ሁልጊዜው ተራ ያስከብራሉ። እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ እኔ ስደርስ ዱላቸውን ቀና ያደርጉ ነበር፤ ሴቶቹ «ቲቸር ትቅደም» እያሉ ጀሪካናቸውን ያሸሹልኛል፣ ቀድቼ እሄዳለሁ። የአስተማሪነት ክብር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንደ እንግዳ እያስቀደሙኝ ኖረዋል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?» አልኩ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ» አሉኝ፤ በደህና ድምፅ፣ ያለ ቁጣ። ከዚያ ዱላቸውን ዘርግተው የሰልፉን ጭራ አሳዩኝ።

ሄጄ ጀሪካኖቼን ከመጨረሻዋ ሴት ጀሪካን ኋላ አስቀመጥኩ። ሴትዮዋ ገላመጠችኝና ትንሽ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ፀሐዩ እየጠነከረ መጣ፤ ሰልፉ ቀስ እያለ ተራመደ፤ ከፊቴ አምስት ጀሪካን ሲቀር ውሃው ቆመ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። እኔም አልሄድኩም።